ያውቁ ኖሯል? ጨረታ፣ ዋጋና ብልጠት

በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ ገበሬዎች የምርምር ጨዋታ በእውነተኛ ብር እንደተጫወቱ ያውቁ ኖሯል? ማሕሙድ የሱፍና ራንዳል ብለፍስቶን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ገበሬው ከቀረቡለት አማራጮች አንዱን ይመርጣል። አንዳንዱ አማራጭ ዘመኑ ከፋም ሰመረም የሚያስገኘው ያው ነው፤ ሌላው ሲሰምር ብዙ፣ ሲከፋ እምብዛም ያስገኛል። ከግማሽ የሚበልጡት ስጋትን አጥብቀው የሚሸሹ ሆነው ተገኙ። ኪሳራ ያለበት ምርጫ ሲመጣ ይበልጥ ተቆጠቡ፤ ቀደም ባለው ዙር የቀናው ግን ደፈር አለ። «ገበሬው ማዳበሪያ ይፈራል» እያለ ለሚያማርር ሁሉ መልሱ እዚህ አለ። ምሥራቅ ጎጃም፣ ጉንደ ወይን ላይ በረዶ ጤፉን ቢመታው፣ የማዳበሪያውን እዳ አብሮ አይመታለትም።

የምጣኔ ሀብት መምህሩ ኤድዋርድ ቻምበርሊን ተማሪዎቹን ገዥና ሻጭ አድርጎ ክፍል ውስጥ ገበያ አቆመ፤ ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲከራከሩ ዋጋው ተዘበራረቀ። ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረው ቨርነን ስሚዝ በኋላ ደንቡን ቀየረው፦ ሁሉም ዋጋውን ጮክ ብሎ ይጥራ፣ ገበያውም ይደጋገም አለ። ዋጋው ወደ አንድ ተሰበሰበ፤ ስሚዝም እ.ኤ.አ. በ2002 ኖቤል ተሸለመ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም አዲስ አበባ ላይ በጩኸት ነበር የሚገበያየው፤ የተስማሙት መዳፍ ለመዳፍ ያጋጩ ነበር። የወረዳ እህል ገበያችን ግን እስከ ዛሬ የቻምበርሊን ነው፤ ጎረቤትህ ስንት እንደሸጠ የምትሰማው ከሸጥክ በኋላ ነው።

ጨረታ ማሸነፍ ኪሳራ ሊሆን እንደሚችልስ? ማክስ ቤዘርማንና ዊሊያም ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ሙከራ 8 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ የሞላበት ማሰሮ ለተማሪዎች አጫረቱ። የግምቱ አማካይ 5.13 ዶላር ብቻ ነበር፤ የአሸናፊዎቹ ዋጋ አማካይ ግን 10.01! የሚያሸንፈው ከሁሉ ይልቅ አብልጦ የገመተው ነዋ። ሲፒኦ አስይዞ ለሐራጅ የሚሰለፍ ሰው ይህን ቁጥር ኪሱ ቢይዘው አይከፋም።

በ2013 ዓ.ም. ለ2 የቴሌኮም ፈቃዶች የቀረቡት ተጫራቾች 2 ብቻ ነበሩ። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን አቀረቡ፤ የኤምቲኤን ተቀባይነት አላገኘም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዊሊያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ባቀረበው ደንብ አሸናፊ የሚከፍለው የሁለተኛውን ዋጋ ነው። ታዲያ 600 ይበቃ ነበር ማለት ነው? አይደለም፤ ደንቡ ሲለወጥ ኤንቨሎፑ ውስጥ የሚጻፈውም ይለወጣል።

ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ማጫረት የጀመረው በ1985 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ባካሄደው ልዩ ጨረታ 27 ባንኮች ሲሳተፉ፣ የአንድ ዶላር አማካይ ዋጋ 107.9 ብር ሆነ።

በሶማሌ ክልል የከብት ገበያዎች ደላላው የገዥውን እጅ በጨርቅ ሸፍኖ ይይዛል፤ ዋጋው በጣት ንክኪ ይነገራል። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ግመሉን ያያል እንጂ ዋጋውን አይሰማም።