የምሳ ሰዓቱ ዲጄ

ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ባሉት ሳምንታት አዲስ አበባ ውስጥ ክፍት አዳራሽ ማግኘት ከባድ ነው። በጾሙ ሠርግ ስለማይደገስ ደጋሹ ሁሉ ከዚያ በፊት ይሽቀዳደማል፤ ፋሲካ ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ግርግር ይመጣል። ስም ያላቸው ዲጄዎች ቅዳሜና እሁዳቸው ቀድሞ ስለሚያዝ የተረፈው ሥራ ወደ ጀማሪዎቹ ይወርዳል። ብዙ ልጅ የመጀመሪያ ሥራውን የሚያገኘው እንዲህ ነው፤ ሐሙስ ማታ፣ በስልክ፣ በድንገት። በዚሁ ሰሞን ከልጆቹ የሚደርሰኝ መልእክትም አንድ ዓይነት ነው፦ «ጋሼ፣ ቅዳሜ የመጀመሪያዬ ነው። እንቅልፍ አጣሁ፤ ምን ይሻለኛል?»

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትገባው?»

ስለ ፍርሃት ጠይቆ ስለ ሰዓት መጠየቁ መጀመሪያ ግር ይለዋል። እኔ ግን በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ የጀማሪን ፍርሃት ከምክር ይበልጥ የሚያበርደው የሚገባበት ሰዓት መሆኑን ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ካሜራው ተደርድሮ፣ እልልታው አዳራሹን ሞልቶት፣ ሚዜዎቹ «አሁን! አሁን ልቀቀው!» እያሉ በእጅ ሲጠሩት፣ አንድ ሰከንድ መዘግየት እንኳ ለዘለዓለም በቪዲዮ ይቀመጣል። ሰው ፊት አጫውቶ የማያውቅን ልጅ እዚያ ላይ አቁሞ «አትፍራ» ማለት ቀልድ ነው። ይፍራ እንጂ!

ምሳ ሰዓት ግን ሌላ ዓለም ነው። እንግዳው ሰሐን ይዞ ተሰልፏል፤ አስተናጋጁ ጠላና ለስላሳ ያመላልሳል፤ ዘመድ ከዘመድ ይጠያየቃል። ሙዚቃ አለ፤ ወደ ዲጄው ዞር የሚል ግን የለም። ይህ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚባክነው ዋናው ዲጄ አንድ የተዘጋጀ ዝርዝር ከፍቶ እሱም ሊበላ ስለሚሄድ ነው። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ሰው ፊት ነህ፣ ግን አልታየህም። ዕቃው እውነተኛ ነው፣ ድምፁም እውነተኛ ነው፤ ብትሳሳት የሚቀዘቅዝ ጭፈራ ግን የለም።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ተማሪዬን መጀመሪያ ያስገባኋት በዚህ ሰዓት ነበር። የሄድፎኗን ገመድ በጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠመጥማለች። ዓይኗ ከላፕቶፑ አይነቀልም። የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ከፍታ ድምፁን በትንሽ በትንሹ ታነሣ ጀመር፤ እሷ አላወቀችውም፣ የፈራ ሰው እጁ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ጥቂት ቆይቶ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከጠረጴዛቸው ተነሥተው መጡና ጎንበስ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ እባክሽ ትንሽ ቀነስ አድርጊው፤ ከወንድሜ ጋር ከተያየን ቆይተናልና ላውራው» አሏት። «እሺ አባቴ፣ ይቅርታ» ብላ ቀነሰችው። ሽማግሌው «ተባረኪ» ብለው ሄዱ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ገመዱን ተወችው። ቀና ብላ የሽማግሌውን ጠረጴዛ አየች፤ ቀጥሎ ያለውንም አየች። አንዲት እናት በአንድ እጃቸው ሰሐን ይዘው በአንድ ትከሻቸው ብቻ ዘፈኑን ሲከተሉ አይታ ሳቀች፤ የሚቀጥለውን የመረጠችውም ለእሳቸው ነው። ማንም ምንም አልመከራትም። ስለ ራሷ የምታስብበት ጊዜ አለቀባት እንጂ።

የሠፈሩ ምክርማ ሌላ ነው። «አንድ ሁለት በልበት»፣ «ትንሽ ቃም አድርግ» ይሉታል ጀማሪውን። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ንጥረ ነገር ነው፤ ልብን ያስሮጣል፣ አፍ ያደርቃል። የፈራ ሰው ደግሞ ልቡ ቀድሞውንም እየሮጠ፣ አፉም ደርቆ ነው የመጣው። በፍርሃት ላይ ሌላ ፍርሃት መግዛት ማለት ነው። መጠጡ በበኩሉ ጆሮን ያታልላል። ጠጥቶ የሚያጫውት ዲጄ ስፒከሩ እየተንጫጫ፣ ሚክሰሩ ላይ ቀዩ መብራት በርቶ፣ እሱ ገና ቤቱን እያሞቀ ይመስለዋል።

ይልቅ ሰውነት ምን እያደረገ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ሰው ሲፈራ አድሬናሊን በደሙ ውስጥ ይለቀቃል፤ ትልልቁ ጡንቻ ለሩጫ ይዘጋጃል፣ ጣት ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዘፈኖች የጣት ጥበብ የሚጠይቅ ነገር አታቅድ። ዘፈኑ በወጉ ይለቅ፣ የሚቀጥለው በመግቢያው ይጀምር፤ ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ፌደር ብቻ ይበቃሃል። አየር ቀስ ብለህ አስገባና ከገባበት በረዘመ ጊዜ አስወጣው፤ ረጅም አወጣጥ የልብ ምትን ያዘገያል። «ተረጋጋ» እያሉ ራስን መጨቅጨቅ ግን ብዙም አያዋጣም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የሐርቫርዷ ተመራማሪ አሊሰን ዉድ ብሩክስ ባሳተመችው ጥናት፣ ካራኦኬ ከመዝፈናቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ጨንቆኛል» ካሉት በተሻለ ዜማውን ጠብቀው ዘፍነዋል። ንግግር ባደረጉትም ላይ «ጓጉቻለሁ» ማለት «ተረጋግቻለሁ» ከማለት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። የሚሮጥን ልብ ቁም ከማለት ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ማስሮጥ ይቀላል።

አሁን ብዙም የማይነገር ነገር ልናገር። የጀማሪዎቻችን ፍርሃት ግማሹ ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ከዩቲዩብ የተማረው በሐውስ ሙዚቃ ነው፤ በደቂቃ ከ120 እስከ 128 የሚመታ፣ በኮምፒዩተር የተሠራ፣ አራት አራት እየተቆጠረ የሚሄድ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፍጥነቱ ንቅንቅ የማይል። ሁለት ዘፈን አስገጥሞ «ሲንክ» የምትለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ይገጥማል። ቅዳሜ የሚጠብቀው ግን ጭክጭካ ነው። የጭክጭካን ስድስት ስምንተኛ ምት ሶፍትዌሩ ብዙ ጊዜ አሳስቶ ይቆጥረዋል፤ አንዱን ዘፈን እጥፍ፣ ሌላውን የማይታወቅ ቁጥር አድርጎ ያሳይሃል። የድሮዎቹ ዘፈኖች ደግሞ፣ አምኃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ አቆጣጠር ካቋቋመው የሸክላ አሳታሚ አምኃ ሪከርድስ ጀምሮ ያሉት፣ ባንድ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ በቀጥታ የተጫወታቸው ናቸው። ድራመሩ ሞቅ ሲለው ይፈጥናል፣ ዘፋኙ ሲያንጎራጉር አብሮት ይዘገያል። ያ ነው ውበታቸው። ማሽን ግን ያንን አይከተልም።

ልጁ ይህን በደንብ ባያስረዳም ሆዱ ያውቀዋል፦ የተማርኩት ቅዳሜ አይሠራም። ይህን ፍርሃት በትንፋሽ አታባርረውም፤ በሥራ ነው የሚወጣው። የአገራችንን ዘፈን ምት በምት ላግጥም ብለህ አትታገል። ስንኙ የሚያልቅበትን፣ አዝማቹ የሚዘጋበትን ቦታ በጆሮህ ያዝና እዚያ ላይ ቁረጥ። በክራር ወይም በማሲንቆ ብቻ የሚጀምር ዘፈን ለመቀየሪያ ይመቻል፤ ከበሮው ሳይገባ ጆሮ ይለምደዋል። ፎልደሮችህንም በምት ቁጥር ከምታሰናዳ በጭፈራው አሰናዳ፦ ጎንደር፣ ወሎ፣ ጉራጌ፣ ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ወላይታ እያልክ። የአዳራሹ ሰው የሚያስበው እንደዚያ ነው።

ከዚያ ደግሞ ደውል። ለሙሽሪት ወይም ለሙሽራው ወንድም ደውለህ፣ «ቤተሰቡ ከየት ከየት ነው? አባት የሚወዱት ዘፋኝ አለ? የማይፈለግ ዘፈን አለ?» ብለህ ጠይቅ። እንዲህ ያለ አጭር ስልክ የስንት ቀን ጭንቀት እንደሚያቃልል ያልሞከረው አያውቀውም። የሙሽራው አጎቶች ጉራጌ መሆናቸውን አውቀህ ከገባህ፣ ጭፈራው ሲላላ ወዴት እንደምትሄድ ታውቃለህ። ሳታውቅ ከገባህ አንዱ ጎረምሳ መጥቶ «ይቀየር!» ሲልህ ትደነግጣለህ።

«ይቀየር» የሚለውን ቃል እንኳ ጀማሪ እንደ ስድብ ነው የሚሰማው። እኔ እንደ ምሪት ነው የምወስደው። የሚያስፈራው ሰው ምንም ሳይል ወደ ወንበሩ ሲመለስ ነው። እሱንም ቢሆን ቀድመህ ታየዋለህ፤ ዓይንህ ስክሪን ላይ ካልተተከለ። ሰው ከመቀመጡ በፊት ትከሻው ይዝላል፣ ከዚያ እግሩ፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ወሬ ይጀምራል። ወሬ ሲጀመር ዘፈኑ አልቋል፣ በላፕቶፑ ላይ ገና ሁለት ደቂቃ ቢቀረውም። ሂፕ ሆፕ ተወለደበት የሚባለውን ድግስ ያጫወተው ዲጄ ኩል ሄርክም ትልቁ ብልሃቱ ማየት ነበር። በኦገስት 11፣ 1973 ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ የጋራ ክፍል የእህቱን ድግስ ሲያጫውት የ18 ዓመት ወጣት ነበር። ጨፋሪዎቹ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ እንደሚጠብቁ አስተዋለ፤ ከአንድ ሸክላ ሁለት ቅጂ ይዞ ያችኑ ቦታ እየመላለሰ አስረዘመላቸው። ክፍሉም፣ ታዳሚውም የሠፈር ነበሩ።

ስለ ስሕተት ጥቂት ልበል። ጀማሪ ያበላሸውን ሁሉ አዳራሹ የሰማው ይመስለዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት አለ፤ ተማሪዎችን የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል አስገቧቸው። የለበሱት ልጆች ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ ልብ ብሎናል ብለው ገመቱ፤ በእርግጥ ያስተዋለው ወደ ሩብ የሚጠጋ ብቻ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ጥሬ ሥጋና አዋዜ ባለበት አዳራሽ ደግሞ ከዚያም የሚያንስ ይመስለኛል። ሁለት ዘፈን ተደራርቦ ቢጋጭብህ ካንተና ከሳውንድማኑ በቀር ብዙ ሰው አይሰማውም።

ሁሉም የሚሰማው ዝምታን ነው። ስለዚህ ፍርሃትህን ሰብስበህ እዚህ ላይ አውለው። ላፕቶፑ በመሃል እንዳይተኛ፣ እንዳያዘምን፣ የመልእክት ድምፅ እንዳያሰማ አስተካክል። ዘፈኖችህን በሁለት ፍላሽ ያዝ፤ ብዙዎቹ የፓዮነር ማጫወቻዎች ኤንቲኤፍኤስ የሆነ ፍላሽ ስለማያነቡ በፋት32 ይሁን። ስልክህን በገመድ ከሚክሰሩ ሌላኛው ቻናል ጋር አገናኝና አንድ ረጅም ዘፈን አዘጋጅበት። መብራት ሲሄድ፣ መሄዱ አይቀርምና፣ ዩፒኤስ ካለህ ላፕቶፑና ሚክሰሩ ይቆያሉ፤ ስፒከሩ ግን ይጠፋል። ያኔ መጀመሪያ ማስተሩን ዝቅ አድርግ፤ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ስፒከሩ በሙሉ ድምፅ እንዳይፈነዳ። ከዚያ እጅህን አጣምረህ ቁም። እናቶች ማጨብጨብ ይጀምራሉ፣ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ከአንዱ ጥግ ከበሮ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ሠርግ ላይ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጠው ጭፈራ መብራት በሄደበት ጊዜ የነበረው ነው። ሲመለስ ቸኩለህ አትቁረጣቸው።

ፍርሃቱ ይጠፋል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ሙሽሮች በበሩ ብቅ ከማለታቸው በፊት እኔ እጄ አሁንም ይቀዘቅዛል፤ የማይቀዘቅዝበትን ዲጄ ሳይ ዝርዝር ከፍቶ ሊበላ የሚሄደው እሱ መሆኑን እጠረጥራለሁ።

ለቆያችሁት የሙያ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። የምሳ ሰዓቱን ለዝርዝር አትተዉት፤ አንድ ጀማሪ ይዛችሁ ግቡና ለእሱ ስጡት። ሠርገኛውን አስፈቅዱ፣ ከልጁ አጠገብ ተቀመጡ፣ እጃችሁን ግን ወደ ሚክሰሩ አትስደዱ። የሠራበትንም ክፍሉት።