የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር መሠረታዊ አቋሞች

በአማርኛ «መጣ» ብለን ብናቆም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተናግረናል፤ ባለቤቱ በግሡ ውስጥ ይገኛልና። በእንግሊዝኛ ግን ከትእዛዝ በቀር ባለቤቱ በግልጥ መነገር ስላለበት «ሂ ኬም» እንላለን። «ዘነበ» ለማለት እንኳ «ኢት ሬይንድ» ተብሎ የባለቤቱ ቦታ ይሞላል።

ከዚህ የሚበልጥ ልዩነትም አለ። «ካሳ ከበደን ጠራው» ወይም «ከበደን ካሳ ጠራው» ብንል ጠሪው ያው ካሳ ነው፤ የተጠራውን «ን» ያመለክተናል። እንግሊዝኛ ለስም እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌለው ሥራውን ለቃሉ ቦታ ሰጥቶታል። ስለዚህ «ካሳ ኮልድ ከበደ» የሚለውን ብንገለብጠው ጠሪው ከበደ ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ማፍረስ ትርጉሙን መለወጥ ነው።

ሲ. ቲ. አኒየንስ እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝኛን ዐረፍተ ነገር በግሡ ጠባይ በ5 ከፍሎታል። እነርሱም፦

1ኛ/ ባለቤትና ግሥ፦ «በርድስ ፍላይ»፤ ወፎች ይበራሉ።
2ኛ/ ባለቤት፣ ግሥና ማሟያ፦ «ሺ ኢዝ ኤ ቲቸር»፤ አስተማሪ ናት።
3ኛ/ ባለቤት፣ ግሥና ተሳቢ፦ «ካሳ ኮልድ ከበደ»።
4ኛ/ ባለቤት፣ ግሥና ሁለት ተሳቢዎች፦ «ሂ ሜድ ኸር ኤ ኬክ»፤ ኬክ ሠራላት።
5ኛ/ ባለቤት፣ ግሥ፣ ተሳቢና የተሳቢው ማሟያ፦ «ሂ ሜድ ኸር ኤ ክዊን»፤ ንግሥት አደረጋት።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በመልክ አንድ ናቸው። አማርኛው ግን «ሠራላት» እና «አደረጋት» ብሎ ይለያቸዋል። በእንግሊዝኛ ለመለየት በሁለቱ ቃላት መካከል «ኢዝ» እናግባ። «ሺ ኢዝ ኤ ክዊን» ያስኬዳል፤ «ሺ ኢዝ ኤ ኬክ» ግን ያሥቃል። ያስኬደው 5ኛው አቋም ነው።

እነ ራንዶልፍ ኲርክ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ሰፊ የሰዋስው መጽሐፍ አቋሞቹን 7 አድርሰዋቸዋል። ምክንያቱም አንዳንድ ግሥ ያለ ቦታ አመልካች አይሞላም። «ሂ ፑት ዘ ቡክ» ብቻ ቢባል ሰሚው «የት?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ኦን ዘ ቴብል» ሲጨመርበት ይሞላል።

ጥያቄም ሆነ አሉታ ከእነዚሁ አቋሞች ይወጣል፤ «ሺ ኢዝ ኤ ቲቸር» የሚለው «ኢዝ ሺ ኤ ቲቸር?» ሲባል ጥያቄ ይሆናል። እንግዲህ በእንግሊዝኛ ስንጽፍ የአማርኛውን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ከመገልበጥ ይልቅ አስቀድመን ግሡን እንምረጥ፤ ቀጥሎም ግሡ ምን ምን እንደሚፈልግ እንጠይቅ። ይህን የለመደ ተማሪ ረጅሙን ዐረፍተ ነገር ሳይቀር ጠሪና ተጠሪ ሳይምታታበት ይጽፋል።