የአሰላ ጓሮዎች

አሰላ ውስጥ ቤት የሚፈልግ እንግዳ መጀመሪያ የሚሄደው ደላላ ዘንድ ነው። ደላላውም የሚወስደው ወደ ሰው ጓሮ ነው። ፊት ለፊት የአከራዩ ቤት አለ፤ ከኋላ በአንድ ቆርቆሮ ሥር የተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች፣ ለሁሉም አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ ምጣድ ያላት ስንት ትክፈል፣ አምፖል ብቻ የሚያበራው ላጤስ ስንት ያዋጣ በሚል ግቢው ይታመሳል። የከተማው ርካሽ ቤት እንግዲህ ይኸው ነው። የሠራው መንግሥት አይደለም፤ ጡረታ ያልበቃቸው አባወራዎችና እማወራዎች ናቸው።

አሰላ ላለችበት ለአርሲ ሰው ቤትና መሬት የቆየ ሕመም ነው። በ1960 ዓ.ም. ስዊድኖች የረዱት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰዉ «ካዱ» የሚለው፣ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ይዞ መጣ። ምርቱ ሲጨምር ባለመሬቱ ትራክተር አስገባና ብዙ ጢሰኛ ከእርሻው ተነሣ። ለገበሬው የታሰበው ልማት ገበሬውን አፈናቀለ።

ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ እስከ 100 ብር የሚከራየው በቀበሌ እጅ ገባ፤ ከዚያ በላይ ያለው ወደ መንግሥት ኪራይ ቤቶች ድርጅት ሄደ። ኪራዩም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን የሚክድ የዚያን ዘመን ተከራይ ያልጠየቀ ነው። ግን በዚያ ኪራይ ጣሪያ አይጠገንም። ግለሰብ ሠርቶ እንዳያከራይ በመከልከሉም አዲስ የኪራይ ቤት የሚጨምር ሰው ጠፋ። የቀበሌ ቤት ያገኘ አልለቀቀም፤ ከወላጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ ከነዘመመ ግድግዳው ቀረ።

ሰዉ ግን አልቆመም። በ1987ቱ ቆጠራ 47,391 የነበረው የአሰላ ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. 67,269 ደረሰ። የመሬት ድርሻው የጠበበበት የገጠር ወጣት፣ የብቅል ፋብሪካው ሠራተኛ፣ ኋላም አርሲ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ የሳቧቸው ተማሪዎችና ነርሶች መጡ። የቢሮው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ከሆነ ወዲህ ከየወረዳው ተመድቦ የሚመጣው ሠራተኛ በዛ። የከተማው መልክ ሲለወጥ ታዲያ ሰፈር ከሰፈር እየተለየ አይደለም፤ ለውጡ የገባው በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። ፊት ለፊት ሦስት ትውልድ አሰላ የኖረ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ፣ ከኋላ ትናንት ከገጠር የገባ ኦሮሞ መምህር፤ ቡናውን አብረው ይጠጣሉ። በሰኔ 2012 መጨረሻ በአርሲ ከተሞች ቤት ሲቃጠልና ሰው ሲፈናቀል የተፈተነው ይህ ዓይነቱ ጉርብትና ነበር።

ኮንዶሚኒየሙስ? በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ቢዘረጋም፣ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ውጭ ቆመ፤ ቅድሚያ ክፍያውን ችሎ የሚገዛ በበቂ አልተገኘም። ጓሮ ውስጥ ርካሽ ክፍል እያለ ማን የባንክ ዕዳ ይገባል? በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ጨረታም ቢሆን ቦታው የሚሄደው ገንዘብ ላለው ነው።

የቅርቡ መላ የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። ውል ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ በመንግሥት በሚወሰነው ልክ ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሉ በሚወስንባቸው ከተሞች ነው። ተከራዩን ከድንገተኛ «ልቀቅልኝ» ማዳኑ መልካም ነው። ሆኖም በቃል የተከራየ ላጤ ምን ውል ይዞ ይከሳል? ኪራዩን በጡረታዋ ላይ ጨምራ የምትኖር እናትስ ጭማሪ ቢገደብባት ሽንት ቤቱን በምን ታሠራለች? እኔ ብጠየቅ ከቁጥጥሩ በፊት የማስቀድመው የጓሮውን ክፍል ማስመዝገብ፣ ለጥገና ትንሽ ብድር መስጠት፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ተከራይ የየራሱን ቆጣሪ ማስገባት ነው። ካርታ ላይ የሌለ ክፍል ቆጣሪ ይጠይቅ ቢባል ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «በማን ፈቃድ ተሠራ?» የሚል ነው፤ አከራዮቹም ዝም የሚሉት ለዚህ ነው።