ሳያስቡ የማይናገሩበት ቤት

ሳያስቡ መናገር ሰውን ከሰው ያጣላል፤ ሳያመዛዝኑ መፍረድም ቤት ያፈርሳል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማሰብን ራሱን እንደ ሙያ ቁጭ ብሎ የሚማር ግን ጥቂት ነው። የጎጃም ቅኔ ቤት ሥራው ይህ ነው።

በአገራችን ስመ ጥር ከሆኑት የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ የጎጃም ናቸው፤ ዋድላ የወሎ ነው። በምሥራቅ ጎጃምም ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ በጉባኤያቸው ይታወቃሉ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በሦስቱም ተምረዋል።

ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ከሩቅ አገር ይመጣል። በመጀመሪያ የግእዝን ግስና አገባብ ያጠናል፤ ከዚያ ቅኔ ወደ ማዘጋጀቱ፣ ወደ ቆጠራ ይገባል። ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ ወረቀት አይዝም። የሚጀምረው ባለ 2 ቤት (ባለ 2 ስንኝ) በሆነው ጉባኤ ቃና ነው፤ ባለ 3 ቤቱን ዘአምላኪየ፣ ባለ 5 ቤቱን ዋዜማ፣ ባለ 6 ቤቱን ሥላሴ እያለ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ይደርሳል።

በቅኔ ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የመጣው ከአንጥረኛ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ሠርቶ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያወጣና በቦታው ወርቅ ያፈስበታል። ባለቅኔውም ላይ ላዩን በሚሰማው ታሪክ ውስጥ ዋናውን ምስጢር ያኖራል። ሁለቱ በአንድ ቃል እንዲገናኙ እያንዳንዱን ቃል ማገላበጥ አለበት።

ሲመሽ ነገራ ይሆናል። ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም ለመምህሩ ረዳት ለአስነጋሪው ይነግራል። አገባቡ ከተሳሳተበት፣ ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙ ወርቁን ካልያዘ ይታረማል፤ ነገም እንደገና ይቆጥራል። ለበዓል የቀረበ ቅኔ ለሌላ በዓል ስለማይደገም፣ የሸመደደ ሰው እዚህ መውጫ የለውም። ሁልጊዜ አዲስ ማሰብ ግድ ነው።

እንግዲህ ለሰከነ አንደበት የምንጨነቅ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ደጃችሁ ቆሞ «ስለ ማርያም» ብሎ ቁራሽ ሲለምን ብትሰሙ አትለፉት። አስቦ መናገርን የሚያስተምረው ጉባኤ እስከ ዛሬ የኖረው በዚያች ቁራሽ ነው።