በባሕር ላይ ያለው የጦር መሣሪያ ፉክክርና የአፈር ማዳበሪያ ጉዞ እስከ ደንዲ

በምዕራብ ሸዋ ዞን ደንዲ ወረዳ ጤፍና ስንዴ የሚያመርቱ አርሶ አደሮች ከኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚረከቡት የአፈር ማዳበሪያ ከውጭ አገር ተገዝቶ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይራገፋል፤ ከዚያም በከባድ ተሽከርካሪዎች ወደ ጊንጪና አምቦ ይጓጓዛል። ስለሆነም በቀይ ባሕር የሚከሰት የጸጥታ ችግር በማዳበሪያው ዋጋና መድረሻ ጊዜ ላይ ተጽዕኖ ያሳድራል።

ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሁቲ ኃይሎች በንግድ መርከቦች ላይ የድሮንና የሚሳይል ጥቃት ሲሰነዝሩ ቆይተዋል። በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. ተመትታ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የሰመጠችው ሩቢማር የተባለች መርከብ ከ20,000 ቶን በላይ ማዳበሪያ ጭና ነበር። ጭነቱ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ ባይሆንም መሥመሩ ግን የእኛም ነው።

የአሜሪካ የጦር መርከቦች ብዙ ርካሽ ድሮኖችን የመቱት እያንዳንዳቸው እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጡ ሚሳይሎች ነው። ኃያላን አገሮች በኤሌክትሮማግኔት ኃይል በሚሠራው፣ «ሬልገን» በሚባለው መድፍ ላይ ተስፋ የጣሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው የወጪ አለመመጣጠን ነው። ሬልገን ባሩድ አይጠቀምም። ጎን ለጎን በተዘረጉ ሁለት የብረት ሐዲዶች መካከል ጥይቱ ይቀመጣል፤ እጅግ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት በአንዱ ገብቶ በጥይቱ በኩል አልፎ በሌላው ሲመለስ የሚፈጠረው የማግኔት ኃይል ጥይቱን ወደፊት ያስፈነጥረዋል። ጉዳት የሚያደርሰው ፈንጂ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። አሜሪካ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ባደረገችው ሙከራ 33 ሜጋጁል ኃይል ተመዝግቧል፤ 1 ሜጋጁል 1 ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ከሚኖረው ኃይል ጋር ይቀራረባል።

ይሁንና ሐዲዶቹ በጥቂት ተኩስ ይበላሻሉ፤ የሚፈልገውም ኤሌክትሪክ ለአብዛኞቹ መርከቦች ከአቅም በላይ ነው። አሜሪካ መርሐ ግብሩን በ2013 ዓ.ም. አቁማለች። ጃፓን በአንጻሩ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ከመርከብ ላይ መተኮሷን አስታውቃለች። ቻይናም በ2010 ዓ.ም. ሬልገን ነው ተብሎ የተገመተ መድፍ በመርከብ ላይ ጭና ታይታለች። ሦስቱም አገሮች በጅቡቲ የጦር ሰፈር አላቸው።

መሣሪያው ለአገልግሎት ባለመብቃቱ የንግድ መርከቦች ወይ የኢንሹራንስ ጭማሪ ይከፍላሉ ወይ በደቡብ አፍሪካ ይዞራሉ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ ጭነት በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ጅቡቲ ስለሚደርስ ባብ ኤል መንደብን አያቋርጥም። ከሞሮኮ የሚገዛው የፎስፌት ማዳበሪያ ግን በስዊዝ በኩል ከመጣ ባብ ኤል መንደብን ማለፉ አይቀርም፤ በደቡብ አፍሪካ ከዞረ ደግሞ ጉዞው ከእጥፍ በላይ ይረዝማል።

የማዳበሪያ ፍላጎት ከመኸር እርሻው ወራት አስቀድሞ በየቀበሌው የሚሰበሰበውም ግዥውና የባሕር ጉዞው ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ፍላጎታቸውን ያላስመዘገቡ አርሶ አደሮች በቀበሌያቸው የሚገኘውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ማነጋገር ይችላሉ።