ስማቸው ተፍቆ የተሸለሙት ጸሐፍት

ፊልም አልቆ የስም ዝርዝሩ ከታች ወደ ላይ መሮጥ ሲጀምር ኮታችንን አንስተን ከሚወጡት ሰዎች መካከል እኛም አለንበት። ተዋናዩን እናውቀዋለን፤ ዳይሬክተሩንም አንዳንዴ እናስታውሰዋለን። ያንን ሁሉ ነገር ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ የፈጠረው ሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነው ይህንኑ የተረሳ ሰው በየዓመቱ ስለሚያስታውስ አንድ ሽልማትና ስለጉደኛ ታሪኩ ነው። (ዓመታቱን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጠናል።)

የአሜሪካ ጸሐፍት ማኅበር ሽልማት ይባላል። ማኅበሩ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ በመሆኑ ድግሱም በሎስ አንጀለስና በኒውዮርክ በአንድ ምሽት ሲደገስ ኖሯል። መጀመሪያ የተሰጠው በ1949 ሲሆን ያኔ ለፊልም ብቻ ነበር። ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ቆይተው ተከተሉ፤ በ2008 ደግሞ የቪዲዮ ጌም ድርሰት ተጨመረ። የዜና ጽሑፍ ሳይቀር ይሸለማል። በከረባት ተውቦ የሚያነበው ሰው የሚያነበው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው የጻፈለትን ነውና። ዳኞቹም ራሳቸው ጸሐፍቱ ናቸው። ማኅበሩ ከኩባንያዎች ጋር ባለው ውል ሥር ያልተጻፈ ድርሰት ግን በአብዛኛው ለውድድር አይቀርብም። “12 ዓመት ባርነት” የተሰኘው ፊልም በ2014 በድርሰቱ ኦስካር ሲያገኝ ጸሐፍቱ ዘንድ ለውድድር እንኳ አልበቃም። እንዲህ ያለው ደንብ ለውጭ ሰው ጠባብነት ቢመስልም የሠራተኛ ማኅበር ሽልማት መሆኑን መዘንጋት የለብንም።

የማኅበሩ ዋነኛ ሥራ ሽልማት አይደለም። ስም መጠበቅ ነው። አንድ ድርሰት በአምስት ጸሐፍት እጅ አልፎ ማን ጻፈው የሚል ክርክር ሲነሳ ማኅበሩ ከአባላቱ መካከል ሽማግሌዎች ይሰይማል። ሽማግሌዎቹ የሁሉንም ረቂቅ ያነባሉ፤ ተከራካሪዎቹ ግን “ጸሐፊ ሀ”፣ “ጸሐፊ ለ” እየተባሉ ስለሚቀርቡ የማን እንደሆነ አያውቁም። የሽማግሌዎቹም ማንነት ለተከራካሪዎቹ አይነገርም። በሁለት ስሞች መሐል የሚገባው “እና” በፊደል ሲጻፍ ሰዎቹ ለየብቻ መሥራታቸውን፣ በምልክት ሲጻፍ ደግሞ አንድ ላይ መሥራታቸውን ያመለክታል። ይህ ሁሉ ለክብር ብቻ አይደለም። ፊልሙ ዳግም በታየ ቁጥር የሚከፈለው ገንዘብ የሚሄደው ስሙ ለተጻፈለት ሰው ነው። በ2023 ጸሐፍቱ ለ148 ቀናት ሥራ ሲያቆሙም ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ኩባንያዎች ድርሰትን በኮምፒውተር “አስጽፈው” ማሽኑን በጸሐፊ ቦታ እንዳያስቀምጡ ነበር፤ በውሉም ይህን አስገብተዋል።

ታዲያ ይህ ስም ጠባቂ ማኅበር በአንድ ወቅት የአባላቱን ስም በገዛ እጁ አሳልፎ የሰጠ መሆኑ ነው ታሪኩን ጉደኛ የሚያደርገው።

በ1947 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ የሆሊውድ ሰዎችን እየጠራ “ኮሚኒስት ነህ ወይስ አይደለህም?” እያለ ማፋጠጥ ጀመረ። አሥር ሰዎች አንመልስም አሉ። ምክር ቤቱን ደፍራችኋል ተብለው ወኅኒ ወረዱ፤ ኩባንያዎቹም በሩን ዘጉባቸው። ጥቁር መዝገብ የሚባለው ያኔ ተከፈተ። አሥሩ ብቻም አልነበሩም፤ በየዓመቱ ሌሎች እየተጨመሩ መዝገቡ ወፈረ። በ1952 ገደማ ማኅበሩ ጫናው ሲበረታበት፣ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ራሱን “ያላጠራ” ጸሐፊ ስም ከፊልም ላይ እንዲነሳ ለኩባንያዎቹ ፈቀደ። ፍራቻው ይገባናል። የፍራቻው ውጤት ግን የሚከተለው ነው።

ማይክል ዊልሰን የተባለ ደራሲ “ፍሬንድሊ ፐርስዌዥን” የሚል ድርሰት ጽፎ ነበር። ፊልሙ በ1956 ሲወጣ መጽሐፉን የጻፈችው ሴት ስም አለ፤ የፊልም ድርሰቱን የጻፈው ግን ማንም አይደለም። ራሱን የጻፈ ፊልም! የኦስካር ሰዎችም ድርሰቱን አጭተው ሲያበቁ “ጸሐፊው ብቁ አይደለም” ብለው አስቀሩት። በ1957 ጸሐፍቱ ድምፅ ሲሰጡ ግን የዓመቱ ምርጥ ድራማ ብለው የመረጡት ይህንኑ ፊልም ነበር። ስሙ እንዲፋቅ የፈቀደው ማኅበር፣ ስሙ ለተፋቀው ሰው ሸለመ። ተሸላሚው በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ስደት ላይ ነበር።

በዚያው በ1957 ኦስካር ላይ ደግሞ “ሮበርት ሪች” የሚባል ደራሲ አሸነፈ። ስሙ ሲጠራ ከወንበሩ የተነሳ የለም። የጸሐፍቱ ማኅበር ሹም መድረክ ላይ ወጥቶ በስሙ ተቀበለለት። በኋላ ሲጣራ ሮበርት ሪች የሚባል ደራሲ ከናካቴው የለም። ድርሰቱ ከአሥሩ እስረኞች አንዱ የነበረው የዳልተን ትራምቦ ነበር። ትራምቦ ከእስር ሲወጣ ቤተሰቡን ይዞ ሜክሲኮ ተሰደደ፤ በሐሰት ስምና በርካሽ ዋጋ እየጻፈ ልጆቹን አሳደገ።

ከዚያም በፊት፣ በ1954፣ ጸሐፍቱ “ሮማን ሆሊዴይ”ን ምርጥ ኮሜዲ ብለው ሸልመዋል። ኦድሪ ሄፕበርን ልዕልት ሆና የምትጫወትበትን ይህን ፊልም ያላየ የለም። በሽልማቱ ላይ የተጠሩት ኢያን ማክሌላን ሃንተርና ጆን ዳይተን ናቸው። ሃንተር የትራምቦ ጓደኛ ነበር። ስሙን አበደረው፤ ገንዘቡን አሳልፎ ሰጠው። ስም ማበደር እንዲህ በቀላሉ የሚነገር ውለታ አይደለም፤ ሃንተርም ራሱ ቆይቶ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

እኛ ስደተኞች ይህን ታሪክ ስናነብ የባዕድ ታሪክ አይሆንብንም። በዓሉ ግርማ በስሙ “ኦሮማይ”ን ጽፎ ምን እንደደረሰበት እናውቃለን፤ በ1984 ወጥቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ወገናችን አገር ቤት የቀረች እናቱን እያሰበ በብዕር ስም እንደሚጽፍ እኛ ለናንተ መንገር የለብንም። በስሙ ጽፎ በስሙ ለመሸለም የበቃም አለ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ በጆርጂያ ጎዳና “ሳንኮፋ” የተሰኘውን የመጻሕፍት መደብሩን የምታውቁለት ኃይሌ ገሪማ፣ በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል “ጤዛ” በተሰኘው ፊልሙ የተሰጠው ከልዩ የዳኞች ሽልማት ሌላ የምርጥ ድርሰት ሽልማት ነበር። ያን ጊዜ ስለ ፊልሙ ብዙ ተጻፈ፤ በድርሰቱ መሸለሙን ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ወደ ሆሊውድ እንመለስ። በ1960 ትራምቦ “ስፓርታከስ” እና “ኤክሶደስ” ላይ ስሙ ታየና መዝገቡ መቀደድ ጀመረ። ማኅበሩ በ1970 ከፍተኛውን የሎሬል ሽልማቱን ሲሰጠው፣ ትራምቦ በዚያ ዘመን ጀግናና ወንጀለኛ መፈለግ ከንቱ ነው፤ ሁሉም ተጎጂ ነበር አለ። አብሮት የታሰረው አልበርት ማልትዝ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ጓደኛውን የጠቆመና የተጠቆመው እንዴት እኩል “ተጎጂ” ይባላሉ? እኛም ከማልትዝ ጋር ነን። ይቅር ማለት መልካም ነው፤ ማን ምን እንዳደረገ ማደባለቅ ግን ይቅርታ አይደለም። ዊልሰንም በ1976 ያንኑ ሽልማት ሲቀበል ለወጣቶቹ ጸሐፍት ያን የጨለማ ጊዜ ካላስታወሳችሁ መልሳችሁ ትኖሩታላችሁ ብሏቸዋል።

ዊልሰን በ1978 ሞተ። “ፍሬንድሊ ፐርስዌዥን” ላይ ስሙ የተመለሰው በ1996 ነው። ትራምቦ የሞተው በ1976 ሲሆን የ“ሮማን ሆሊዴይ” ኦስካር ለባለቤቱ የተሰጣት በ1993 ነው። ፊልሙ ላይ ስሙ ግን ገና አልነበረም። ይህ እንዲታረም ማኅበሩን የወተወቱት የሁለቱ ጓደኛሞች ልጆች፣ ክሪስቶፈር ትራምቦና ቲም ሃንተር ነበሩ። የሃንተር ልጅ የጠየቀው የገዛ አባቱ ስም የቆመበት ቦታ ለሌላ ሰው እንዲካፈል ነው። ማኅበሩ መዛግብት አገላብጦ የትራምቦን ስም የመለሰው በ2011 ታኅሣሥ ወር ነው። ክሪስቶፈር ትራምቦ በዚያው ዓመት በጥር ሞቶ ነበር።