ስለ ሥዕል ተማሪ ዓይንና እጅ

ሰው ትምህርትን የሚቀበልበት በር አንድ ብቻ አይደለም። ዜማን በጆሮው፥ ንባብን በዓይኑ፥ ቁም ጽሕፈትን በእጁ ይማራል። ሥዕል ግን ዓይንንና እጅን እንደ ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር የሚያጣምር ሙያ ነው፤ አንደኛው በሬ ሲሮጥ ሁለተኛው ከተኛ እርሻው አይሆንም። ዛሬ ስለ ሥዕል ተማሪ ለመጻፍ የተነሣነው፥ የዘመናችን ተማሪ ዓይኑ እጅግ ርቆ ሲሄድ እጁ ወደ ኋላ እንዳይቀርበት፥ ሩቁንም ሲያይ የቅርቡን እንዳያጣ በማሰብ ነው።

በአዲስ አበባ ያለው የሥዕል ትምህርት ቤት፥ በአሜሪካ አገር በሺካጎ ከተማ ተምረው በተመለሱት በአለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ ስም ይጠራል። ወደዚህ ሙያ የገባ ተማሪ ኑሮው እንዲህ ነው። ማለዳ ከሰሉንና ወረቀቱን ይዞ ይነሣል፤ በፊቱ የተቀመጠውን ሰው ወይም ማሰሮ እያየ ይነድፋል፤ መምህሩም መጥቶ ትከሻው ጠመመ፥ ጥላው በዛ ሲለው ደምስሶ እንደ ገና ይጀምራል። ከትምህርት ሲወጣ አውቶቡስ የሚጠብቀውን ሽማግሌ፥ በመንገድ ዳር ጫማ የሚጠርገውን ልጅ በትንሽ ደብተሩ ይሥላል። የዘይት ቀለሙ ከባሕር ማዶ የሚመጣ፥ ዋጋውም የከበደ ስለሆነ፥ አንዱን ሸራ ነጭ እየቀባ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይሥልበታል። ዘመዶቹም «ይህ ነገር እንጀራ ይሆንሃልን?» እያሉ ይጠይቁታል፤ እርሱም መልስ ስለሌለው ዝም ብሎ ቀለሙን ይበጠብጣል።

ሲመሽ ግን ሌላ ዓለም ይከፈትለታል። በእጅ ስልኩ፥ ኢንተርኔት በሚባለው መረብ፥ በአምስተርዳም ቤተ መዘክር የተሰቀለውን የሬምብራንትን ሥዕል የብሩሹ ፈለግ እስኪታይ ድረስ አቅርቦ ያያል። ከዚያ ወደ ጃፓን የእንጨት ሕትመት፥ ከጃፓንም ወደ ሎንዶን ይሻገርና፥ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱትን የብራና መጻሕፍት ያገኛል። ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ያሉት የመቅደላ ብራናዎች ወደ 350 ይጠጋሉ። ያገሩ ልጅ ያገሩን ሥዕል ለማየት ሎንዶንን በስልክ ማንኳኳቱ የሚያሳዝንም የሚያስደንቅም ነገር ነው።

ይህ ጸጋ ለቀደሙት አልነበረም። በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ በ15 ዓመት ዕድሜያቸው ግድም ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ተሰጥዎአቸው ስለ ታየ ግን ወደ ሥዕል ዞሩ። ኋላም የኢትዮጵያን የብራና ሥዕሎች ለመመርመር ወደ ሎንዶን፥ ወደ ፓሪስና ወደ ቫቲካን ቤተ መጻሕፍት መሄድ አስፈልጓቸዋል። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን የመስታወት ሥዕል የሠሩት እንዲህ ደክመው ዓይናቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው። እርሳቸው በመርከብና በባቡር የፈለጉትን፥ የዛሬው ተማሪ ብዙውን በመኝታው ላይ ሆኖ ያገኘዋል።

እንግዲህ ከድካም ነጻ መውጣት ሁሉ ጥቅም ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ያለ ድካም የተገኘ ነገር ያለ ድካም ይረሳል። በአንድ ሌሊት 300 ሥዕል ያየ ተማሪ በማግሥቱ ቢጠየቅ ሦስቱን እንኳ አጥርቶ መናገር ይቸግረዋል። አንዱን ብቻ መርጦ ሳምንት ሙሉ በእጁ የገለበጠ ግን፥ ጣቱ በመስታወቱ ላይ ሲያልፍ ያላስተዋለውን ያስተውላል፤ በአባቶቻችን ሥዕል ጻድቃን በሙሉ ፊት በሁለት ዓይን፥ ኃጥአን በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ያያል፤ ምክንያቱንም ለመጠየቅ ወደ መምህር ይሄዳል። ዛሬ ደግሞ ጥቂት ቃል ሲጽፉለት ሥዕል ሠርቶ የሚሰጥ መኪና መጥቷል፤ ተማሪው ግን ሥራውን ሁሉ ለእርሱ ቢተው ሥዕሉ ይበዛል እንጂ የራሱ እጅ አንዳች አይማርም።

ሁለተኛም ነገር አለ። በተውሶ መስኮት የሚያይ ሰው ባለቤቱ ሲዘጋበት ይጨልምበታል። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ዘራፊዎች በተጠቃ ጊዜ፥ በመረብ ይታዩ የነበሩት ብራናዎች ለብዙ ወራት ሊታዩ አልቻሉም።

ይህን የምንለው ሩቁን መስኮት ለመንቀፍ አይደለም። በጣና በዳጋ እስጢፋኖስ፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የሣለው የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ ወደ ገዳሙ ሴት ስለማትገባ፥ ለሴት ተማሪ ፎቶግራፉ ብቸኛው መንገድዋ ነው። ነገር ግን ፎቶግራፍ የሚያጽናናው ዋናው በማይደረስበት ቦታ ነው እንጂ፥ ዋናው በደጃችን ሳለ እርሱን እንዲተካ አይገባም። በአድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የተሣለ መሆኑ ተመርምሮ የታወቀ፥ ከአገሩም ያልወጣ ነው። በየደብሩ ግድግዳ በሸራ የተለጠፈውም ሥዕል ተቆጥሮ አያልቅም።

ተማሪው ወደ እነዚህ ሲሄድ ብዙ ጊዜ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። በዚህ ዕቃ ቤት ጠባቂዎችን አንወቅስም፤ የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ባሕር ተሻግሮ እንደ ነበረና በስንት ድካም እንደ ተመለሰ እናስታውሳለንና። ጠባቂው መጠራጠሩ ከታማኝነቱ የተነሣ ነው።

ስለዚህ ለሁለቱም ወገን የሚሆን መንገድ እናመለክታለን። ተማሪው ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ይምጣ፤ ስልኩን በበር ትቶ እርሳስና ወረቀት ብቻ ይዞ ይግባ፤ ጠባቂው አጠገቡ ይቀመጥ፤ ሲጨርስም ከገለበጠው አንዱን ለደብሩ ይተው። ሥዕሉ በእርጅና ወይም በእሳት የጠፋ እንደ ሆነ፥ ያ ቅጂ አንድ ቀን ምስክር ይሆናል። የመንግሥት ሹማምንት ደብዳቤውን ማዘጋጀትና ማክበር፥ ካህናት ደግሞ በሩን መክፈት ይችላሉ፤ ለሁለቱም የሚያስፈልገው በጎ ፈቃድ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም።

የዛሬ ተማሪ ሎንዶን ያለውን ብራና በሌሊት አይቶ፥ በማግሥቱ በሰፈሩ ደብር ያለውን ሳያውቅ ቢያልፍ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም። ዓይኑን መረብ ወስዶታል፤ እጁን ግን እዚህ ልናቆየው የምንችል እኛ ነን።